የሐረሩን ጳጳስ ማን ቀየረው?
ዛሬ ስለ አባ እንድርያስ ዣሮሶ ትንሽ ልበላችሁ።

የተፈሪ መኮንን የልጅነት አስተማሪ መሆናቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ፈረንሳዊ ካፑቺን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የሐረርን ካቶሊኮች በጳጳስነት መርተዋል። ጣሊያን አገራችንን ስትወር ግን ጣጣው መጣ። ፋሺስቱ መንግሥት እዚህ ፈረንሳዊ ጳጳስ እንዲቀመጥ አልፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1937 ቫቲካን ጣሊያናዊውን ሊዮኔ ኦሶላን ሾመች። ሽማግሌው ከሐረር ወጥተው በ1941 አገራቸው ፈረንሳይ አረፉ። ጥፋታቸው ምን ነበር? ፓስፖርታቸው!

ልብ በሉ፣ በዚያው በ1937 ጣሊያን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንንም ከእስክንድርያ ነጥላ አቡነ አብርሃምን የበላይ አድርጋለች። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪ አልገዛም በማለታቸው ተረሽነዋል።

ሃይማኖቱ ይለያያል፣ ዘዴው ግን አንድ ነው፦ መንጋውን ለመያዝ መጀመሪያ እረኛውን መቀየር። ግን አልበጀም፤ ጣሊያን ስትሸነፍ ኦሶላም ሐረር ላይ አልሰነበቱም።

እናንተ የታሪክ ልጆች፣ የሹመት ደብዳቤ ስታነቡ ፊርማውን አይታችሁ አትለፉ። ከጀርባው ማን እንደገፋ ጠይቁ። እስቲ ከአያቶቻችሁ ስለ አባ እንድርያስ የሰማችሁት ካለ ጻፉልኝ።