የማንጎ ዝንብን ለመከላከል ሥራው ከዛፉ ሥር ይጀምራል

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ፣ ከናኪቩቦ ስታዲየም አጠገብ በሚገኘው የኦዊኖ ገበያ የሚሸጥ ማንጎ ውጪው አምሮ ውስጡ ትል ሊይዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ከእስያ የመጣ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ዝንቡ እአአ በ2003 ኬንያ ውስጥ ታወቀ፤ በዓመቱ ኡጋንዳም ተገኘ።

ሴቷ ዝንብ ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ትጥላለች። የተፈለፈለው እጭ የፍሬውን ሥጋ እየበላ ያድጋል፤ ፍሬው ሲረግፍ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ቆይቶም ክንፍ አውጥቶ ይነሳል። ባለጓሮዎች መድኃኒት ረጭተው ለውጥ የሚያጡት እጩን ልጣጩ ስለሚከልለው ነው።

ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ የረገፈውን ፍሬ በየዕለቱ መልቀም ነው። የተለቀመው በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቆያል፤ አልያም ቢያንስ ግማሽ ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ቆሻሻ ክምር ላይ መጣል ዝንቡን ማርባት ነው። ዛፉ ላይ ያለው ፍሬ ሳይበስል በወረቀት ከረጢት ቢሸፈን ይተርፋል። ሚታይል ዩጂኖል በተባለው ማባበያ የሚሠራው ወጥመድ የሚስበው ወንዶቹን በመሆኑ ብቻውን አይበቃም። ጎረቤት ካልለቀመም ዝንቡ አጥር ተሻግሮ ይመለሳል።

በዝናብ ወራት ችግኝ የሚበሉት ግዙፍ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ በምሽት ይለቀማሉ። ሰውን የሚያሳምም ጥገኛ ትል ሊይዙ ስለሚችሉ ያለ ጓንት መንካት አይገባም።

ማንጎ ላይ ቅጠል ሰፍተው ጎጆ የሚሠሩት ጉንዳኖች ግን ባይነኩ ይመረጣል። ለቃሚን ቢነክሱም ዝንቧ እንቁላል እንዳትጥል ያባርራሉ።