ቋንቋውን ካልቻልክ አትወዳደርም? የግለሰብ እና የቡድን መብት ሲጋጩ

ለዓመታት በኖራችሁበት ክልል ለምክር ቤት ልትወዳደሩ ተመዘገባችሁ እንበል። ከዚያ «የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ ስለማትችሉ አትወዳደሩም» ተባላችሁ። የእናንተ መብት ተነካ ወይስ የብሔረሰቡ መብት ተጠበቀ?

ነገሩ ፈጠራ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በቤንሻንጉል ጉሙዝ የሆነ ነው። በአጭሩ እንየው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

የግለሰብ መብት ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚኖረው ነው፦ መናገር፣ ንብረት ማፍራት፣ መምረጥና መመረጥ። የቡድን መብት ደግሞ አንድ ሕዝብ በጋራ የሚይዘው ነው፦ ቋንቋውን ማሳደግ፣ ባህሉን መጠበቅ፣ ራሱን ማስተዳደር። ቋንቋን አንድ ሰው ብቻውን ሊያቆየው አይችልም፤ የሚያናግረው ያስፈልገዋላ!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለቱንም ይዟል። አንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በብሔር ወይም በቋንቋ ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 39 ደግሞ ለብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ይሰጣል። ጎን ለጎን የተጻፉት ሁለት አንቀጾች መሬት ላይ ሲወርዱ ተጋጩ።

ምን ተፈጠረ?

በወቅቱ የነበረው የምርጫ አዋጅ (ቁጥር 111/1987) ዕጩ የሚወዳደርበትን አካባቢ ቋንቋ ማወቅ አለበት ይል ነበር። በዚህ መሠረት የበርታን፣ የጉሙዝን ወይም የሌላውን ነባር ብሔረሰብ ቋንቋ የማይችሉ ዕጩዎች ላይ አቤቱታ ቀረበ። ምርጫ ቦርድም ከውድድሩ አስወጣቸው። እነሱም «ሕገ መንግሥታዊ መብታችን ተጣሰ» ብለው ጉዳዩን እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አደረሱት።

ሁለቱም ወገን ባዶ እጁን አልነበረም። ዕጩዎቹ እዚያው የሚኖሩ፣ እዚያው ግብር የሚከፍሉ ዜጎች ናቸው። በሌላ በኩል ጉሙዞች በታሪክ የባሪያ ፈንጋይ ሰለባ ሆነዋል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላም መንግሥት በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ ብዙ ሰው ከሌላ አካባቢ አምጥቶ አስፍሯል። «በገዛ አገራችን በቁጥር ተውጠን እንዳንቀር» የሚለው ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም።

ውሳኔውስ?

የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. ወሰነ። አዋጁን አልሻረውም። ግን «ቋንቋ» የሚለው የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው አለ። የቤንሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ዕጩዎቹን ማገዱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ማለት ነው። ችግሩ፣ ምርጫው ካለፈ ቆይቷል። በወረቀት አሸነፉ፤ ያለፈውን ድምፅ ግን ማን ይመልሰዋል?

እኛ ከዚህ ምን እንይዛለን?

አንድ ሕግ በቡድን መብት ስም ሲወጣ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ።

1. ቡድኑን ይጠብቃል ወይስ ሌላውን ብቻ ያስወጣል? ለምሳሌ ሕገ መንግሥቱ በተወካዮች ምክር ቤት ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንዲኖር ያዛል (አንቀጽ 54)። ይህ ማንንም «አትወዳደርም» ሳይል ቡድኑን ይጠብቃል።

2. ሰውየው ሊያሟላው የሚችል ነገር ነው? የምክር ቤቱን ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልግ ቋንቋ ይለመዳል። ትውልድ ግን አይለመድም።

አንድ ነገር እንጨምር። ግለሰብ ከራሱ ቡድንም ጥበቃ ያስፈልገዋል። በአንቀጽ 34 መሠረት የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። አንዲት ሴት «ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው የምሄደው» ካለች፣ ሽማግሌም ሆነ ዘመድ ሊያስገድዳት አይችልም።

ቡድኑን የሚያከብር አገር ውስጥ «እኔ ግን» የሚል ሰውም ቦታ ሊኖረው ይገባል። እናንተ ዳኛ ብትሆኑ በ1992ቱ ጉዳይ እንዴት ትወስኑ ነበር?