የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም

የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በመንግሥት አስፈጻሚ አካላት የሚፈጸምን አስተዳደራዊ በደል የሚመረምርና እንዲታረም የመፍትሔ ሐሳብ የሚያቀርብ ነጻ ተቋም ነው። ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሲሆን፣ ባሕር ዳርን ጨምሮ በተለያዩ የክልል ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት። ይህ መጣጥፍ በተለይ ነዋሪዎች በቀበሌና በከተማ አስተዳደር ላይ የሚያቀርቡት አቤቱታ እንዴት እንደሚታይ ያብራራል፤ ለማብራሪያም የዘጌን ነዋሪዎች በምሳሌነት ይወስዳል።

ታሪክ

የዚህ ዓይነት ተቋም መነሻ ስዊድን ናት። የስዊድን ፓርላማ በ1809 እ.ኤ.አ. ሹማምንት ሕግ ማክበራቸውን የሚከታተል «ኦምቡድስማን» የተባለ ሹመት አቋቋመ። ሌሎች አገሮች ሐሳቡን በየራሳቸው መንገድ ወስደውታል። በኢትዮጵያ ከዚህ በፊት በሹም የተበደለ ሰው እስከ ንጉሡ ችሎት ድረስ አቤት የማለት ልማድ ነበረው፤ ሆኖም ችሎቱ የሥልጣኑ ባለቤት የራሱ የንጉሡ እንጂ ከአስፈጻሚው የተለየ ተቋም አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 15 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእንባ ጠባቂ ተቋምን እንዲያቋቁም ደነገገ። ተቋሙም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተመሠረተ፤ አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1142/2011 ተሻሽሏል።

ሥልጣንና ገደብ

ተቋሙ የአስፈጻሚ አካላት መመሪያ፣ ውሳኔና አሠራር የዜጎችን ሕገ መንግሥታዊ መብት የማይቃረን መሆኑን ይቆጣጠራል፤ አቤቱታ ተቀብሎ ይመረምራል፤ አቤቱታ ሳይቀርብለትም በራሱ ተነሳሽነት ምርመራ ሊጀምር ይችላል። አዋጁ ከሥልጣኑ ውጭ ያደረጋቸው ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው፦

• በሕዝብ የተመረጡ ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የሚሰጧቸው ውሳኔዎች፤
• በየትኛውም ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ያሉ ጉዳዮች፤
• በዋናው ኦዲተር በመመርመር ላይ ያሉ ጉዳዮች፤
• የጸጥታና የመከላከያ ኃይሎች ብሔራዊ ደኅንነትን ወይም መከላከያን በተመለከተ የሚሰጧቸው ውሳኔዎች።

በአካባቢ አስተዳደር ላይ ለሚቀርብ አቤቱታ ከእነዚህ ሁሉ ወሳኙ የመጀመሪያው ነው። ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀውን ደንብ እንባ ጠባቂው አይሽርም። ነገር ግን አስፈጻሚው ጽሕፈት ቤት ደንቡን ለአንዱ እየሠራ ለሌላው ከከለከለ፣ ከተወሰነው በላይ ክፍያ ከጠየቀ ወይም ለማመልከቻ መልስ ሳይሰጥ ካጉላላ፣ ጉዳዩ የአስተዳደር በደል ስለሆነ ሊመረመር ይችላል።

ምሳሌ፦ ዘጌ

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለች፣ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር የምትገኝ ባሕረ ገብ መሬት ናት። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ ገዳማቷና በቡና ደኗ ትታወቃለች። በአካባቢው ትውፊት በበሬ ማረስ የተከለከለ በመሆኑ የብዙው ነዋሪ ኑሮ በቡናው ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ የይዞታ ጉዳይ ሲጓተት የሚነካው የቤተሰቡን መተዳደሪያ ነው።

አንድ ባለይዞታ የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለ ስሕተት እንዲስተካከል አመልክቶ «ነገ ና» እየተባለ ወራት አለፉ እንበል። ሰውየው በመጀመሪያ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤትና ለበላይ ኃላፊው በጽሑፍ ያመለክታል። በአስተዳደሩ ውስጥም ቅሬታ ሰሚ አካል አለ፤ ይህ ግን የአስፈጻሚው አካል በመሆኑ ከእንባ ጠባቂው ይለያል። በዚህ መፍትሔ ካጣ፣ አዲስ አበባ መሄድ ሳያስፈልገው ለባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ማመልከት ይችላል። ክርክሩ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የተነሳ ከሆነ ግን ቦታው ፍርድ ቤት ነው።

የአቤቱታ አቀራረብና ምርመራ

አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ሊቀርብ ይችላል፤ ክፍያ አይጠየቅበትም። ከተበዳዩ ሌላ የትዳር ጓደኛው፣ ቤተሰቡ፣ ወኪሉ ወይም ሦስተኛ ወገን ሊያቀርብለት ይችላል። ማስረጃ በተቻለ መጠን አብሮ ይቀርባል፦ የማመልከቻ ቅጂ፣ የገቢ መዝገብ ቁጥርና ቀን፣ የተሰጠ ደብዳቤ።

ተቋሙ ጉዳዩ በሥልጣኑ ሥር መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ከተከሳሹ መሥሪያ ቤት መልስና ሰነድ ይጠይቃል፤ ኃላፊዎችንና ምስክሮችን ይጠራል። አስቀድሞ ነገሩ በስምምነት እንዲያልቅ ይጥራል። ካልሆነ ግኝቱንና የመፍትሔ ሐሳቡን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ይህም በደል ያደረሰው አሠራር እንዲቆም ወይም የደረሰው በደል እንዲካስ የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በአንድ ወር ውስጥ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል።

የመፍትሔ ሐሳብ አፈጻጸም

የእንባ ጠባቂው ቃል እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ በአፈጻጸም ችሎት የሚፈጸም ትእዛዝ አይደለም። ቢሆንም የመቋቋሚያ አዋጁ የመፍትሔ ሐሳብ የደረሰው አካል በሦስት ወር ውስጥ እርምጃ እንዲወስድ ወይም ያልወሰደበትን ምክንያት እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ይህን ያለ በቂ ምክንያት አለመፈጸም በወንጀል ያስቀጣል። ተቋሙም ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። እነዚህ መንገዶች የሚሠሩት በደሉ በሰነድ ሲረጋገጥ ነው፤ በቃል ብቻ «ነገ ና» የተባለ ሰው ጉዳይ ለማጣራት አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

መረጃ የማግኘት መብት

በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ተቋሙ መረጃ የማግኘት መብትን አፈጻጸም ይከታተላል። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሊጠይቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ጊዜው በሕጉ በተመለከቱ ሁኔታዎች ሊራዘም ይችላል። የተከለከለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያመለክታል። በዚህ መንገድ አንድ ነዋሪ የጉዳዩን ውሳኔ ቅጂ ወይም ምክር ቤቱ ያጸደቀውን የክፍያ ተመን ጠይቆ ማግኘትና ለአቤቱታው ማስረጃ ማድረግ ይችላል።