ካናቢስ በኢትዮጵያ

ካናቢስ (ሳይንሳዊ ስሙ ካናቢስ ሳቲቫ) በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦና ዘር አፍርቶ የሚደርቅ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣቶች የተከፈለ ተክል ነው። ለቢራ መራራ ጣዕም የሚሰጠው ሆፕ የቅርብ ዘመዱ ነው። በጠጅና በጠላ የሆፕን ሥራ የሚሠራው ጌሾ ግን ከሁለቱም ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። በኢትዮጵያ ዕፁን ማብቀል፣ መያዝና መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። የአገሪቱ ስም በካናቢስ የታሪክ ጥናቶች ውስጥ የሚነሳው በዋናነት ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኝ አንድ ዋሻ በተገኙ የማጨሻ ሸክላዎች ምክንያት ነው። በዜና ግን ስሙ የሚነሳው ከሻሸመኔ ጋር ነው።

መልክና ባሕርይ

ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሳቲቫ ብሎ ሰየመው። ፈረንሳዊው ላማርክ ደግሞ በ1785 ከሕንድ የመጣውን ኢንዲካ ብሎ ለየው። ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ወይስ የአንዱ መልኮች የሚለው ክርክር እስካሁን ይቀጥላል። ወንዴና ሴቴ አበባዎች አብዛኛውን ጊዜ በተለያዩ ተክሎች ላይ ይወጣሉ፤ ብናኙንም የሚያመላልሰው ነፋስ ነው። አደንዛዥ ባሕርይ የሚሰጠው ቲ.ኤች.ሲ. የተባለው ውሁድ እ.ኤ.አ. በ1964 በእስራኤል በኬሚስቶቹ በጋኦኒና በሜሹላም ተለይቶ የታወቀ ሲሆን በብዛት የሚገኘው በሴቴ አበባ ዙሪያ ባሉ ጥቃቅን የሙጫ ጠጉሮች ላይ ነው። ለቃጫ የሚዘራው ዓይነት ይህ ውሁድ በጣም ያነሰበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት ተክሉ መጀመሪያ የተላመደው ከ12,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ እስያ እንደሆነ ይገምታል።

ሙቀት፣ ከፍታና የቀን ርዝመት

ካናቢስ በልማድ የቆላ ተክል ተደርጎ ቢታሰብም፣ በቤተ ሙከራ የተደረጉ ልኬቶች የሚያሳዩት ከዚህ ለዘብ ያለ ነው። በአሜሪካ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የሜክሲኮ ምንጭ ያለውን ዓይነት ሲመረምር፣ የብርሃን አስተጻምሮው ከፍተኛ መጠን ላይ የደረሰው በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነበር። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ የቅጠሉ ሥራ ያሽቆለቁላል። ምክንያቱ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ሞቃት አየር አብዛኛውን ጊዜ ደረቅም ነው። ሥሩ ከሚስበው ይልቅ ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ሲበልጥ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ ውሃ ይቆጠባል፤ ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መግባቱ፣ ቅጠሉም በትነት ራሱን ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። በሜዳ ላይ የሚታየው ምልክት የቅጠል ጠርዝ ወደ ላይ መጠቅለል፣ የታችኛው ቅጠል መገርጣትና የእድገት መቆም ነው። ይህ ሁሉ ለበቆሎና ለቲማቲም አምራች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ካናቢስ ከሌላው ሰብል የተለየ ምሥጢር እንዳለው አድርጎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም አብዛኛው የተለመደ የዕፀዋት ሳይንስ ነው።

ሙቀትና ጠንካራ ፀሐይ የሙጫውን ኃይል ይጨምራሉ የሚለው እምነት ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አልትራቫዮሌት ጨረር በአደንዛዥ ዓይነቶች ላይ ቲ.ኤች.ሲ.ን ከፍ እንዳደረገ ዘግቦ ነበር። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ተመሳሳይ ውጤት ሁልጊዜ ስላላገኙ ነገሩ የተቋጨ አይመስልም። ጠረኑን የሚሰጡት ዘይቶች በሙቀት በቀላሉ እንደሚተኑ ግን ያከራክራል ለማለት አይቻልም።

ኢትዮጵያን በተመለከተ ከሙቀት መጠን ይልቅ ወሳኙ ሙቀቱ የሚመጣበት ወቅት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሞቃቱ ወራት ቀኑም የሚረዝምበት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ሞቃቱ ጊዜ ከክረምት በፊት፣ በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ በዚያ ጊዜ አፈሩ የደረቀ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ደመናው ቀኑን ያቀዘቅዘዋል። የቀን ርዝመትም ቢሆን ብዙ አይለዋወጥም። ሆለታ በሚገኝበት በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት ወደ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ካናቢስ አብዛኛው ዓይነቱ ሌሊቱ ሲረዝም የሚያብብ በመሆኑ፣ 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን በሚያገኝ የሰሜን በጋ የተላመዱ ዓይነቶች ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ገና በትንሽነታቸው ያብባሉ። የሞቃታማ አገር ነባር ዓይነቶች ግን ለማበብ ብዙ ወራት የሚወስዱ፣ ቁመታቸው የረዘመና ቅጠላቸው የቀጠነ ነው።

ሆለታ ለዚህ ንጽጽር የሚመረጠው ዕፁ በከተማው ይመረታል ተብሎ አይደለም፤ የአየር ጠባዩ ለብዙ ዓመታት የተመዘገበ ስለሆነ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ የሚገኘው የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የማዕከሉ መዛግብት አማካይ ከፍተኛውን ሙቀት 22፣ አማካይ ዝቅተኛውን 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የዓመቱን ዝናብ ደግሞ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ያደርጉታል። ይህም በአማካይ ቀን እንኳ ከላይ ከተጠቀሰው 30 ዲግሪ ብዙ የራቀ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ሌሎች ከተሞች ሱሉልታ ከፍ ስለሚል ይበልጥ ይበርዳል፤ ሰበታና ቡራዩ ከሆለታ ብዙ አይለዩም። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ላለ ክፍት ማሳ ፈተናው ከሙቀት ይልቅ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭና የክረምቱ እርጥበት ነው። የሆለታ ማዕከል ስሙ የሚነሳበት ሰብልም ይህንኑ ይመስላል፦ ድንች፣ ገብስ፣ ተልባ፣ ጎመንዘር፤ ሁሉም ብርድ የሚችሉ ናቸው። በሆለታና በሰበታ ዙሪያ የሚመረተው የጽጌረዳ አበባ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚያድግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቦትራይቲስ የተባለው ግራጫ ሻጋታ፣ የጽጌረዳ አምራቾች ሥጋት የሆነው፣ ጥቅጥቅ ያለ የካናቢስ አበባንም የሚያበሰብስ ነው።

የላሊበላ ዋሻ ጋያዎች

እዚህ ላይ የሚነሳው ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሉባት ከተማ አይደለችም። የላሊበላ ዋሻ የሚገኘው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በቁፋሮው ጊዜ በጌምድር ይባል በነበረው ጠቅላይ ግዛት ነው። አርኪዮሎጂስቷ ዶምብሮውስኪ ይህንን ዋሻና ናችቢየት የተባለውን ጎረቤቱን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆፍራ ውጤቱን በ1970 አሳተመች። ቁፋሮው መጀመሪያ ዝና ያገኘው በገብስና በሽምብራ ቅሪት ነበር፤ በኢትዮጵያ ደጋ የእርሻ ታሪክ እነዚህ እስካሁን ከሚጠቀሱት ቀደምት ማስረጃዎች መካከል ናቸው።

ከዋሻው የላይኛው ንብርብር የወጡት የሸክላ ማጨሻዎች ቆይተው ነው ትኩረት ያገኙት። የውሃ ጋያ አናት፣ ማለትም ፍሙና የሚጨሰው ቅጠል የሚቀመጥበት ክፍል፣ እንደሆኑ ይታመናል። ደቡብ አፍሪካዊው ኒኮላስ ቫን ደር ሜርዌ ከሁለት ማጨሻዎች ውስጥ የተጣበቀውን ጥላሸት ወስዶ ቀጭን ንብርብር ክሮማቶግራፊ በተባለው የኬሚካል መለያ ዘዴ መረመረው፤ የካናቢስ ውሁዶችን እንዳገኘም እ.ኤ.አ. በ1975 አስታወቀ። ከዚያ ንብርብር የተገኘው የራዲዮካርቦን ልኬት የሚያመለክተው እ.ኤ.አ. 1320ን ሲሆን፣ 80 ዓመት ወደፊትም ወደኋላም ሊዛነፍ ይችላል። መካከለኛው ቁጥር በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) ላይ ያርፋል። መዛነፉ ሲታሰብ ግን ከዛጕዬ መጨረሻ እስከ ዐፄ ዳዊት ዘመን ይዘረጋል፤ ስለዚህ ማጨሻውን ከአንድ ንጉሥ ጋር ማያያዝ የሚያስተማምን አይደለም።

የግኝቱ ክብደት የሚታወቀው ከትምባሆ ጋር ሲነጻጸር ነው። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ (1492 እ.ኤ.አ.) በፊት ወደ አፍሪካ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጋያ ካለ፣ አፍሪካውያን ትምባሆ ሳይመጣ በፊት ያጨሱ ነበር፤ ያጨሱት ደግሞ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ከዚህ በመነሳት አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ክሪስ ዱቫል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መጽሐፍ፣ ካናቢስን በቧንቧ ማጨስን ለዓለም ያስተዋወቀችው ምሥራቅ አፍሪካ ሳትሆን እንደማትቀር ተከራክሯል። ተክሉ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣው በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ፣ ምናልባትም ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ይገምታሉ።

የሚቃወሙም አሉ። ተጠራጣሪዎች ሦስት ነገር ያነሳሉ። የዘመን ልኬቱ የተወሰደው ከማጨሻው ከራሱ ሳይሆን አብሮት ከተገኘ ቁስ ነው። በዋሻ ውስጥ አይጥ፣ ጉድጓድና የሰው እግር የላይኛውን ከታችኛው ያደባልቃሉ። የ1970ዎቹ የኬሚካል ዘዴም በዛሬ መለኪያ ሲታይ ሻካራ ነው። ይህ አዘጋጅ ሦስተኛውን ተቃውሞ ከሌሎቹ ይልቅ ደካማ አድርጎ ያየዋል፤ ምክንያቱም በጥላሸቱ ውስጥ ያለው ካናቢስ ነው ወይ የሚለው ሳይሆን መቼ ተጨሰ የሚለው ነው ዋናው ክርክር። በሌላ በኩል፣ ካናቢስ ከማጨስ በፊት በጋለ ድንጋይ ላይ እየተበተነ ይታጠን እንደነበር በፓሚር ተራሮች በሚገኝ የመቃብር ስፍራ የተገኙና እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የተደረጉ የእንጨት ማጠኛዎች ያሳያሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ 2,500 ዓመት ይጠጋል። እነዚያ ግን ቧንቧ የላቸውም።

ጋያ በኋለኛው ዘመን ኢትዮጵያ፣ በተለይ በምዕራብና በደቡብ፣ የትምባሆ ማጨሻ ሆኖ ቀጥሏል፤ የውሃው መያዣ ብዙ ጊዜ ቅል ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ማጨስን ትቃወማለች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ትምባሆን በጥብቅ ከልክለዋል።

ሻሸመኔ

በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1937 በዶክተር መላኩ በያን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌደሬሽን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ የአፍሪካ ልጆች በሻሸመኔ መሬት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብሏል፤ ስጦታው አብዛኛውን ጊዜ በ1948 እ.ኤ.አ. እና 5 ጋሻ ተብሎ ይጠቀሳል። ከጃማይካ የመጡ ራስ ተፈሪያውያን በኋላ በዚያ ሰፈሩ። ለእነርሱ ጋንጃ፣ ማለትም ካናቢስ፣ የጸሎት አካል ነው። የሚገርመው ጋንጃ ወደ ጃማይካ የደረሰው ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮንትራት ከመጡ የሕንድ ሠራተኞች ጋር መሆኑ ነው፤ ወደ ሻሸመኔ የመጣው ሃይማኖታዊ ልማድ ስለዚህ ከጣናው ጋያ ጋር ቀጥታ ዝምድና ያለው አይመስልም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲወርስ የሰፋሪዎቹ ይዞታም በአብዛኛው ተወስዷል።

በሻሸመኔ ዙሪያ ዕፁ በበቆሎ ማሳ መሃል ተሰውሮ እንደሚገኝና ፖሊስ እንደሚነቅለው ዘገባዎች ይጠቅሳሉ፤ ከፊሉም በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ እንደሚሻገር ይነገራል። አምራቾቹን በጅምላ ራስ ተፈሪያውያን ማድረግ ግን ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው።

ሕግ

ኢትዮጵያ የ1961 እ.ኤ.አ. የአደንዛዥ ዕፆች ነጠላ ስምምነትን በ1965 ተቀብላለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ዕፁን ማብቀልን፣ መያዝንና ማዘዋወርን በጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ጫት በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም። ነጠላው ስምምነት በአንቀጽ 28 ለቃጫና ለዘር የሚዘራውን ካናቢስ ከቁጥጥሩ ውጭ ያደርጋል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው 4ኛ ሠንጠረዥ አውጥቶታል፤ በ1ኛው ሠንጠረዥ ግን ይገኛል። በአፍሪካ ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና የሚሆን ምርት ፈቃድ ከሰጡት የመጀመሪያዋ ነች።

ቃጫ

በኢትዮጵያ ገመድና ከረጢት የሚሠራው በተለምዶ ከካናቢስ ሳይሆን ከሲሳልና ከእንሰት ቃጫ ነው። ተልባም በሌላ ዓለም ለበፍታ ሲዘራ በኢትዮጵያ የሚዘራው ለፍሬው ነው።

የሚምታታበት ዕፅ

አጠፋሪስ (አስተናግር) በመንገድ ዳርና በቆሻሻ መጣያ ስፍራ በራሱ የሚበቅል፣ ነጭ የመለከት ቅርጽ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ነው። አዕምሮን የሚያናውጥ በመሆኑ አንዳንዴ ከካናቢስ ጋር ይምታታል። ሆኖም የድንችና የቲማቲም ቤተሰብ ነው፤ መርዙም አትሮፒንና ስኮፖላሚን ሲሆን ፍሬው በትንሽ መጠንም ቢሆን ሊገድል ይችላል።