«ለምን ታነሣኛለህ?»
የፎቶግራፍ ሙያ ትምህርት ታሪክ በአዲስ አበባ፤ ከመርካቶ የተነሣ አስተያየት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የፎቶግራፍ ሙያ በአዲስ አበባ ከተማ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንዴት ሲተላለፍ እንደ ኖረ መመርመርና፣ ዛሬ በትምህርት ቤት ተምሮ ለመመረቅ የሚዘጋጅ ወጣት ከዚህ ታሪክ ምን ሊማር እንደሚገባው ማመልከት ነው። መነሻ ያደረግነው አዲስ ከተማን፣ ይኸውም መርካቶን ነው። የመመረቂያ ሥራ ርእስ የሚፈልግ የፎቶግራፍ ተማሪ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በዚህ ገበያ ላይ ነውና። የበርበሬው ክምር፣ የሸማው ቀለም፣ የተሸካሚው ጀርባ፣ ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሚፈሰው ሕዝብ፣ ሁሉም ለካሜራ የተዘጋጀ ይመስላል።

ነገር ግን ተማሪው ካሜራውን ባነሣ ጊዜ ነጋዴው ፊቱን ያዞራል፤ ተሸካሚውም «ለምን ታነሣኛለህ?» ይለዋል። ተማሪው ይህን እንደ አለመሠልጠን ሊቈጥረው ይችላል። እኛ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የአገራችንም የፎቶግራፍ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ ልዩ ልዩ መልሶች ታሪክ ነው እንላለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

፩፤ ሳይጠየቁ መነሣት

ፎቶግራፍ የማንሣት ዘዴ በፓሪስ ለዓለም የተገለጠው በ1831 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚስዮናዊ ካሜራ ይዞ ወደ አገራችን መጣ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦርም ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አሰልፎ ነበር። እነዚህ ሰዎች ያነሡት መንገዱን፣ ተራራውን፣ ምሽጉንና በዚያ ያገኙትን ሰው ነው። ሥራቸው ለታሪክ ተመራማሪ ብዙ ይጠቅማል፤ ሆኖም የተነሣው ሰው ምስሉን እንዲያይ ታስቦ የተሠራ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የልዑል ዓለማየሁ ምሳሌ ነው። አባታቸው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ልዑሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ዋይት በምትባለው ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ አነሣቻቸው። ምስሉ በሙያ ረገድ እጅግ ያማረ ነው። የተነሡት ግን አባትና አገር ያጡ፣ እንቢ ለማለት የማይችሉ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያማረ ምስል ሁሉ ፍትሓዊ ምስል እንዳይደለ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

፪፤ በቤተ መንግሥት

በ1890ዎቹ መጨረሻ ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉ አርመናዊ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። ከእሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ተረከቡ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ተነሺው ንጉሥ ነው፤ ልብሱን የሚመርጠው፣ አቀማመጡን የሚወስነው፣ ምስሉ ለማን እንደሚሰጥ የሚያዝዘው እሱ ነው። «ለምን ታነሣኛለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ስላዘዙኝ» የሚል ሆነ።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፣ ሙያው የሚተላለፈው በቤተ ሰብ ውስጥ መሆኑ ነው። ልጅ ከአባቱ ጐን በጨለማ ክፍል ቆሞ ይማራል፤ ዲፕሎማውም የአባቱ ስም ነው። ሁለተኛው፣ ምስል ሥልጣን ያለው ነገር መሆኑ ቶሎ መታወቁ ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ወቅት፣ የእስልምና ልብስ ለብሰው የሚያሳይ የተቀነባበረ ፎቶግራፍ በሕዝብ መካከል ተሰራጭቶ ነበር የሚለው ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገሩ የሚያከራክር ቢሆንም፣ ሰው በምስል መዋሸት እንደሚቻል ያወቀው ዛሬ አለመሆኑን ያመለክታል።

፫፤ ፎቶ ቤት እንደ ትምህርት ቤት

ጣሊያኖች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ለአገሬው ሰው ብቻ የተለየ ሰፈርና ገበያ አቋቋሙ። «መርካቶ» በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ከሄደ በኋላ ሰፈሩ አልፈረሰም፤ ይልቁንም ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ነጋዴ ሞልቶት በየተራው ተከፋፈለ፤ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ጎማ ተራ እየተባለ።

እንዲህ ባለ ሰፈር ፎቶ ቤት የሚሠራው ለንጉሥ አይደለም። ከገጠር መጥቶ ሥራ ያገኘ ወጣት «ደኅና ነኝ» ለማለት ወደ እናቱ የሚልከው ፎቶ፣ ሙሽሮች የሚነሡት ፎቶ፣ ጓደኛ ለጓደኛ በጀርባው ጽፎ የሚሰጠው የማስታወሻ ፎቶ፣ ይህ ነው ሥራው። በኋላም ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ በደርግ ዘመን ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ወዲህ ደግሞ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ተጨመረበት። በቤቱ ውስጥ የተሣለ መጋረጃ፣ ወንበርና መስተዋት ይገኛል፤ ኮትና ከረባት ለሌለው ደንበኛ የሚያውስም ነበር።

የፎቶ ቤት ተለማማጅ ካሜራ የሚጨብጠው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ ይጠርጋል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ደንበኛ ያስተናግዳል። ቀጥሎ ወደ ጨለማ ክፍል ይገባና በቀይ መብራት ሥር ምስሉን የሚያወጣውን መድኃኒት፣ ከዚያም የሚያጸናውን መድኃኒት መለየት ይማራል። ወረቀቱ ሲዘገይ ይጠቍራል፤ ሲቸኩሉበት ይገረጣል፤ በደንብ ካልታጠበ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል። ከዚህ በኋላ በሹል እርሳስ የነጋቲቩን እንከን ማስተካከል፣ መብራት ማቆምና የደንበኛን አገጭ ቀና ማድረግ ይለማመዳል።

ይህ ትምህርት ጉድለት ነበረው። መጽሐፍ የለውም፤ ጌታው የሚያውቀውን ሁሉ አይገልጥም፤ ተለማማጁም ከተለመደው አቀማመጥ እንዲወጣ አይፈቀድለትም። ሆኖም ከዛሬው ትምህርት ቤት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ፈታኙ ተነሺው ራሱ መሆኑ ነው። ደንበኛው በቀጠሮው ቀን ደረሰኙን ይዞ ይመጣል፤ ምስሉን ያያል፤ ካልወደደው «ይህ እኔ አይደለሁም» ብሎ ይመልሳል። የተለማማጁ ፈተና ይህ ነበር። ነጋቲቩም ቍጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል፤ ደንበኛው ከዓመታት በኋላ ቢመለስ ሌላ ቅጂ ይታጠብለታል። ስለዚህ በፎቶ ቤት ውስጥ «ለምን ታነሣኛለህ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ መልሱን ይዞ የሚመጣው ተነሺው ነበርና።

፬፤ ትምህርት ቤትና ኤግዚቢሽን

ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሥዕል በሥርዐት ተምሮ በዲፕሎማ መመረቅ የሚቻል መሆኑን በአገራችን አሳየ። ከዚያ ትምህርት ቤት በ1994 ዓ.ም. በሥዕል የተመረቁት አቶ ሚካኤል ጸጋዬ የዘይት ቀለም ለጤናቸው ስላልተስማማ ብሩሹን ትተው ካሜራ ያዙ። በለውጥ ላይ ያለችውን አዲስ አበባን በፎቶግራፍ መዝግበዋል፤ ሥራቸውም በውጭ አገር ጭምር ታይቷል። ማንም ደንበኛ ያላዘዘውን ነገር፣ የራስን ዓይን ተከትሎ መሥራት እንደሚቻል የእሳቸው ሕይወት ያስረዳል።

አይዳ ሙሉነህ ደግሞ በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ በ1992 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በፎቶግራፍ ሠሩ። በ2000 ዓ.ም. በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ በተደረገው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ጉባኤ ተሸለሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ2003 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ በዓል በአዲስ አበባ ጀመሩ። በብዙ ሥራዎቻቸው ተነሺዋ ፊቷን በቀለም ተቀብታ፣ ልብሷ ተመርጦ፣ ከኋላዋ ያለው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ታስቦበት ትቆማለች። ይህ አዲስ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን መጋረጃ ዘርግቶ፣ ልብስ አስመርጦ፣ አገጭ ቀና አድርጎ ያነሣ ከነበረው ከፎቶ ቤቱ ሥራ ጋር ዝምድና እንዳለው ልብ ይሏል።

እንግዲህ የዛሬው ተማሪ ፎቶ ቤት ያልሰጠውን ነጻነት አግኝቷል። ርእሱን ይመርጣል፤ የዓለምን ሥራ በእጅ ስልኩ ያያል። ነገር ግን ፈታኙ ተለውጧል። ሥራውን የሚመረምሩት መምህራንና የኤግዚቢሽን ተመልካቾች ናቸው። የመርካቶው ተሸካሚ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያለ፣ እሱ ራሱ «ይህ እኔ አይደለሁም» ለማለት አይጠራም። ለዚህ ነው ካሜራ ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው።

፭፤ የሚጠፋው መዝገብ

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ችግር አለ። ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ፣ ከዚያም የእጅ ስልክ በየሰዉ እጅ ሲገባ የፎቶ ቤት ገበያ ቀነሰ። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ለፋይዳ የሚመዘገብ ሰው ፎቶው እዚያው በመመዝገቢያው ስለሚነሣ ጉርድ ፎቶ ይዞ አይሄድም። ፎቶ ቤት ሲዘጋ መስተዋቱና ወንበሩ ይሸጣል፤ የነጋቲቩ ሣጥን ግን ገዢ የለውም። የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ ፊት ያለበት ሣጥን እንደ ቍሻሻ ሊጣል ይችላል።

መርካቶም እየፈረሰ የሚሠራ ሰፈር ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን እንዳወደመ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሸቀጥ እንደ ገና ይገዛል፤ የተቃጠለ ነጋቲቭ ግን አይተካም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ዛሬ ማሰብ ይገባል።

የሚደረግ ነገር የለም ማለት አይደለም። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ያነሷቸው ምስሎች ተጠብቀው ስለ ቈዩ በኋላ በለንደን ለሕዝብ ለመታየት በቅተዋል። በቅርብ ዓመታትም ጥቂት ወጣቶች «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤተ ሰቡ አልበም አሮጌ ፎቶግራፎችን ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ተራ ሰዎች ናቸው፤ ተራ ፎቶ ቤት ያነሣቸው ምስሎችም የታሪክ ምንጭ መሆናቸውን በዚህ አረጋግጠዋል።

፮፤ መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው ተነሥተን ለመመረቅ ለሚዘጋጁ የፎቶግራፍ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻቸው ሦስት አሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በመርካቶ የሚሠራ ተማሪ ሥራውን ከማሳየቱ በፊት የታጠበውን ፎቶ ለተነሺው ወስዶ ይስጥ፤ የሚለውንም ይስማ። ይህ ልግስና አይደለም፤ የፎቶ ቤት ተለማማጅ ያልፍበት የነበረ ፈተና ነው። ገበያው ሰፊ ነው፤ ሰውዬውን ሁለተኛ ማግኘት ይቸግራል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ሰውን ለማግኘት ስሙንና ተራውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ስሙን ያልጠየቁትን ሰው ደግሞ አውቄ አነሣሁት ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ምስል ቀኑና ቦታው ይጻፍበት። ምስል በስልክ ውስጥ በብዛት ሲጠራቀም፣ ያልተጻፈበት ሁሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለባለቤቱም እንግዳ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው አዲስ ምስል ከማንሣት ይልቅ የአንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ነጋቲቭ በባለቤቱ ፈቃድ ቢያጸዳ፣ ቢመዘግብና ቢያስቀምጥ፣ ትምህርት ቤቱ እንደ ሙሉ ሥራ ይቍጠርለት። በዚህ ሥራ የጥንቱን መብራት፣ የጥንቱን አቀማመጥና የእጅ ጥበብ ከማንኛውም ትምህርት በተሻለ ይማራል።

ከተመረቀ በኋላስ እንዴት ይኖራል? የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በሥነ ጥበብ ፎቶግራፍ ብቻ የሚኖር ጥቂት ነው፤ ብዙው ሠርግና ምረቃ ማንሣቱ አይቀርም። ይህን እንደ ውርደት የሚቈጥሩ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። የምረቃ ቀን ሲደርስ የፎቶግራፍ ተማሪውም ጥቍር ካባ ለብሶ፣ በእናትና በአባቱ መካከል ቆሞ፣ በሌላ ሰው ካሜራ ፊት ይነሣል። ያ ምስል በማንም ኤግዚቢሽን አይታይም። ነገር ግን በቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አቧራው እየተጠረገ፣ ለእንግዳ ሁሉ እየታየ ይኖራል። በዚያች ቅጽበት ተማሪው «ለምን ታነሣኛለህ?» ብሎ አይጠይቅም። የማይጠይቅበትን ምክንያት ያስተዋለ ተመራቂ፣ በማግሥቱ ወደ መርካቶ ተመልሶ ሲሄድ ለተሸካሚው የሚሰጠው መልስ ይኖረዋል።