ሄለን ወይስ እሌኒ?

ባለፈው ሰሞን ለቡ፣ ጎረቤቴ ቤት ሴት ልጅ ክርስትና ተነሣች። ድግሱ ደርሶ የቤት መጠሪያዋ ግን አላስማማም። እናት «ሄለን» ስትል አያት «እኔ ቁጭ ብዬ የፈረንጅ ስም? እሌኒ ነው!» ብለው አኮረፉ። «እርስዎ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበሩና ይፍረዱን» ተባልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሁለቱ አንድ ስም ናቸው። የግሪኩ «ሄሌኔ» ጥንት በግእዝ በኩል እሌኒ ሆኖ ገባ፤ ሄለን አውሮፓን ዞሮ ዘግይቶ መጣ። በግሪኮች አፈ ታሪክ ሄለን የዜውስና የሌዳ ልጅ ስትሆን፣ በእሷ ሰበብ ትሮይ አሥር ዓመት ተዋጋች። ቅድስት እሌኒ ደግሞ መስቀሉን አስቆፍራ አወጣች። የሐድያው ገዥ ልጅ ንግሥት እሌኒ በልብነ ድንግል ልጅነት አገር መርታ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ላከች፤ እሱም በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ገባ።

የስሙ ሥር ቢያከራክርም በጥንቱ ግሪክኛ «ሄሌኔ» ችቦ ማለትም ነበር።

አያት ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። የደመራ ዕለት ችቦ ሳያበሩ አያድሩማ!

«በሉ፣ እናንተ ሄለን በሏት፤ እኔ እሌኒ እላታለሁ። ለሁለታችንም አቤት ትበል እንጂ!»