ሸሪክ ፍለጋ

ሚስት ሲፈለግ ሽማግሌ ይላካል፤ ሸሪክ ሲፈለግስ? የዋይ ኮምቢኔተር መሥራች ፖል ግርሃም እ.ኤ.አ. በ2006 ስታርትአፕ የሚገድሉ 18 ስህተቶችን ሲዘረዝር አንደኛ ያደረገው ብቻን መጀመርን ነው። በ2007 ድሩው ሂውስተን የድሮፕቦክስን ሐሳብ ይዞ ሲያመለክትም «ሸሪክ ፈልግ» ተባለ። የጋራ ወዳጅ ከአራሽ ፈርዶውሲ ጋር አገናኘው። ልጁ ሁለት ሰዓት ያህል አውርቶ ኤምአይቲን ጥሎ ወጣ። (ሁለት ሰዓት! እኛ ቤት ለመከራየት እንኳ ከዚያ በላይ እናስባለን።) ግን ልብ በሉ፣ ሂውስተንም የኤምአይቲ ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ግቢ ያልዋለ፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ የሌለውስ? ዋይ ኮምቢኔተር በ2021 ነፃ የኢንተርኔት አገናኝ ከፈተ፤ ሙያችሁን፣ ከተማችሁን፣ የምትፈልጉትን ዓይነት ሰው ትሞላላችሁ፣ የሌሎችን ታያላችሁ፣ ከተፈላለጋችሁ ታወራላችሁ። «ፈልግ» ከማለት እስከ ማፈላለግ 14 ዓመት ፈጀበት።